ዕውቀት የሚፈተንበት ቀን

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ የሂሳብ ዓመት ነበረ። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋ ነበር፤ በችግር ምክንያት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ለባርነት የተሸጠውም ሰው አርነት ወጥቶ ወደ ወገኑ ይሄዳል። ስለዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ያለፈውን ዘመን ማመስገኛ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም፤ ያለ ቦታው የተቀመጠው ነገር ተመርምሮ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ ነው።

አንድ ደብር ካከማቸው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት ነው። ግድግዳው ቢያረጅ ይታደሳል፤ ጣሪያው ቢያፈስ ይለወጣል፤ ደወሉም ቢሰነጠቅ ሌላ ይሰቀላል። ሕፃናት በዐጸዱ ጥላ ሥር ፊደል የቈጠሩበት፥ ደቀ መዛሙርት ዜማ ያጠኑበት፥ ሊቃውንት መጽሐፍ የተረጐሙበት ትምህርት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም። እንግዲህ በሂሳብ ዓመት ስለዚህ ሀብት መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት በተማረው ሰው ውስጥ ምን ሠራ? ቀን በከፋ ጊዜስ ሰውየውን ያቆመው ነገር አለን?

ጥያቄው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው፥ ሰው በእውነት የሚያውቀው ምንድር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ካወቀው ነገር ውስጥ ቢያስፈራሩትም ቢያባብሉትም የማይለቀው የትኛው ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፥ የሚኖረው ለምንድር ነው የሚል ነው። ሦስቱ በተለያየ ቤት የሚያድሩ ይመስላሉ፤ ሊቁ ስለ አንደኛው፥ መናኙ ስለ ሁለተኛው፥ ሽማግሌውም ስለ ሦስተኛው ሲናገር ይሰማል። ዳሩ ግን የአንድ ቤት ሦስት ምሰሶዎች ናቸው፤ አንዱ ቢነቀል ሁለቱ ብቻቸውን አይቆሙም። ለዚህም ነገር ምስክር የሚሆን አንድ የጥንት ሰው አለ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ470 ዓመት ገደማ በግሪክ አገር በአቴና ከተማ ሶቅራጥስ የሚባል ሰው ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ፥ እናቱም አዋላጅ ነበሩ። መልኩ ያላማረ፥ ልብሱ ተራ፥ እግሩም አብዛኛውን ጊዜ ጫማ የማያውቅ ነበረ። ከተማው ባዘዘችው ጊዜ በእግረኛ ጭፍራነት ዘምቶ ተዋግቷል። አንድ መጽሐፍ ስንኳ አልጻፈም፤ ሥራው ሁሉ በገበያና በአደባባይ እየቆመ ሰውን መጠየቅ ነበረ። ስለ እርሱ የሚታወቀው ይልቁንም ደቀ መዛሙርቱ አፍላጦንና ክሴኖፎን ከጻፉት ነው።

ስለ አንድ አረማዊ ሰው በቤተ ክርስቲያን በዓል መናገር ያልተገባ የሚመስለው ቢኖር ሁለት ነገር ይታወሰው። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕት፥ ራሱ ስለ ክርስትና በሮም የተገደለ ሲሆን፥ ሶቅራጥስን ከክርስቶስ መምጣት አስቀድሞ በቃል መሪነት ከኖሩት ሰዎች ጋር ቈጥሮታል። ደግሞም በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ በሶቅራጥስ ስም የተነገሩትን ምክሮች ይዞ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ደርሷል። ስለዚህ ይህ ሰው ለግእዝ አንባቢዎች የቆየ ጎረቤት እንጂ የትናንት እንግዳ አይደለም።

የሶቅራጥስ ነገር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ቄሬፎን የሚባል የልጅነት ወዳጁ ደልፊ ወደሚባለው የጣዖት ቤት ሄዶ፥ ከሶቅራጥስ ይልቅ ጠቢብ የሆነ ሰው አለን ብሎ ጠየቀ። የሚበልጠው የለም የሚል መልስም ይዞ ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ወሬ እንደ ሹመት ደብዳቤ ይዞ በዞረ ነበር። ሶቅራጥስ ግን ነገሩን ተጠራጠረ፤ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው አግኝቶ ቃሉን ለማስተባበል ፍለጋ ተነሣ። አስቀድሞ ወደ ከተማው መሪዎች ሄደ፤ ብዙ የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፥ በተጠየቁ ጊዜ ግን የሚናገሩትን ነገር መሠረት ማስረዳት አቃታቸው። ቀጥሎ ወደ ባለ ቅኔዎች ሄደ፤ ያማረ ነገር ይናገራሉ፥ የተናገሩትን ግን ራሳቸው መተርጐም አልቻሉም። በመጨረሻ ወደ እጅ ሥራ ባለሙያዎች ሄደ። እነዚህ በእውነት የሚያውቁት ነገር ነበራቸው፤ አናጢው እንጨቱን፥ ብረት ሠሪውም ብረቱን ያውቃል። ዳሩ ግን ሙያቸውን ስላወቁ የማያውቁትንም ታላላቅ ነገር ሁሉ የሚያውቁ መሰላቸው።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ የደረሰበት ፍሬ አጭር ነው። ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ይኸውም የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አለመቍጠሩ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሽተኛ መታመሙን ካላወቀ ወደ መድኃኒት እንደማይሄድ፥ አለማወቁን ያላወቀ ሰውም ወደ ትምህርት አይሄድም።

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ይህን የሚመስል ልማድ አለ። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ሲተረጕም አንድ ፍች ሰጥቶ ዝም አይልም፤ አንድም እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያመጣል። አንድም የምትለዋ ቃል ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በውስጧ ትሕትና አለ። ቀድሞ የተነገረው ሁሉን አልጨረሰም፥ ሌላም ማየት ይቻላል ማለት ናትና። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙር ሲያስብ ያደረውን ቅኔ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ተናግሮ ይታረማል፤ ትናንት ያሳመረው ዛሬ ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለው ትምህርት ሰውን ሁለት ነገር ያስለምደዋል፤ ማሰብንና መታረምን። ማሰብን ብቻ የተማረ ሰው ግማሽ ተማሪ ነው።

ዛሬ የዕውቀት መንገድ አጥሯል። የቀድሞው ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ቍራሽ እየለመነ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ አንድ መምህር ለማግኘት የብዙ ቀን መንገድ ይሄድ ነበር። የዛሬው ልጅ በእጁ በያዘው ስልክ የብዙ መምህራንን ቃል በአንድ ምሽት ይሰማል። ይህ በረከት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ዳሩ ግን ማግኘት በቀለለ መጠን መስማትና ማወቅ ይምታታሉ። የሰማ ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ የተናገረውም ሁሉ የመረመረው ይመስለዋል። መንገድ ያደከመው ተማሪ ያገኘውን ቃል እየደጋገመ ያላምጠው ነበር፤ ሳይደክም ያገኘ ግን ሳያላምጥ ይውጠዋል። ስለዚህ ሶቅራጥስ በአቴና ገበያ ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አላረጀም። ይህን የምትለው ከየት ነው? ቃሉንስ ታውቀዋለህን፥ ወይስ ለምደኸዋል?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነሣል። አላውቅም የሚል ሰው እንዴት ጽኑ ይሆናል? ሁሉን እየጠየቀ የሚኖርስ ስለ ምን ነገር ሊሞት ይችላል? ብዙ ሰዎች ጥያቄ ሃይማኖትንና ምግባርን የሚያላላ ይመስላቸዋል፤ ጽናትም ያለ ጥያቄ መኖር ይመስላቸዋል።

መልሱ በአውድማ ላይ ይገኛል። ገበሬ እህሉን ከወቃ በኋላ በመንሽ እያነሣ ወደ ነፋስ ይበትነዋል። ለማያውቅ ሰው የዓመት ድካሙን የሚያባክን ይመስላል። ነፋሱ ገለባውን ከወሰደ በኋላ ግን በአውድማው ላይ የሚቀረው ከፊተኛው ክምር ቢያንስም ክብደት ያለው ነው፤ ወደ ጎተራ የሚገባውም እርሱ ነው። የሶቅራጥስ ጥያቄ መንሽ ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ የራሱንም የሌላውንም ሐሳብ ወደ ነፋስ ሲበትን ኖረ፤ ብዙው ገለባ ሆኖ ሄደ፥ ጥቂት ፍሬ ግን ቀረ። ከቀረውም ዋናው ይህ ነው፤ በደልን መሥራት በደልን ከመቀበል ይልቅ ለሠሪው የከፋ ነው። ሞት ምን እንደ ሆነ አላውቅም ይል ነበር፤ በደል ክፉ እንደ ሆነ ግን አውቃለሁ ይል ነበር። ስለዚህ የማያውቀውን ሞት ፈርቶ የሚያውቀውን ክፉ ሊሠራ አልወደደም።

የጽናቱ ምሥጢር ይኸው ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ገለባውንና ፍሬውን አንድ ላይ ታቅፎ ይቆማል፤ ነፋስ በመጣ ጊዜ የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም። በጥያቄ ያበራየ ሰው ግን ጥቂቱን አጥብቆ ይይዛል፥ ሌላውን ይለቃል።

ይህ ነገር የቃል ብቻ እንዳልነበረ በሦስት ጊዜ ታየ።

መጀመሪያ የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ዓመት ነው። የአቴና መርከበኞች በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ ጠላታቸውን ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ማዕበል ተነሥቶ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ባልንጀሮቻቸውን ከባሕር ማውጣት አልተቻለም። ሕዝቡ በኀዘንና በቍጣ ነደደ፤ የጦር አለቆቹም በአንድ ላይ በአንድ ፍርድ ይሙቱ ተባለ። ሕጉ ግን እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይፈረድበት ዘንድ ያዝዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ሶቅራጥስ ጉባኤውን ከሚመሩት ሰዎች አንዱ ነበረ። ሕዝቡ ጮኸ፤ የሚቃወም ሁሉ ይታሰር ተባለ፤ ባልንጀሮቹም ፈርተው እሺ አሉ። እርሱ ብቻውን ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አላደርግም አለ። ያን ዕለት አልተሰማም፤ ወደ ከተማ የተመለሱት ስድስት አለቆች ተገደሉ። ጥቂት ቈይቶ ግን ሕዝቡ ራሱ በሥራው ተጸጸተ።

ሁለተኛው የታየው አቴና በጦርነት ተሸንፋ በ404 ዓመት ሠላሳ ጨካኝ ገዢዎች በተሾሙባት ጊዜ ነው። እነዚህ ገዢዎች በደላቸውን የሚካፈል ሰው ለማብዛት ሰላማውያን ሰዎችን በክፉ ሥራ ያስገቡ ነበር። ሶቅራጥስንና ሌሎች አራት ሰዎችን ጠርተው፥ ሌዎን የሚባለውን ሰው ከሳላሚስ ደሴት ይዛችሁ ለሞት አምጡ ብለው አዘዟቸው። አራቱ ሄደው አመጡት። ሶቅራጥስ ግን ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በፊተኛው ጊዜ የጮኸበት ሕዝብ ነበረ፤ በሁለተኛው ያዘዙት ጥቂት ገዢዎች ነበሩ። እርሱ ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። የኅሊና ሰው ምልክት ይህ ነው፤ የሚፈራው ሲለወጥ አቋሙ አይለወጥም።

ሦስተኛው የታየው በ399 ዓመት ነው። ሦስት ከሳሾች ተነሥተው የከተማውን አማልክት አያከብርም፥ ሌላ አዲስ አምላክ ያመጣል፥ ወጣቶችንም ያበላሻል ብለው ከሰሱት። ያን ጊዜ 70 ዓመት ሆኖት ነበር። ዳኞቹ 500 ያህል ነበሩ፤ 30 ድምፅ ብቻ ወደ ሌላው ወገን ቢያልፍ ኖሮ በነጻ ይለቀቅ ነበር። ሌሎች ተከሳሾች እንደሚያደርጉት ልጆቹን አቅርቦ አላስለቀሰም፥ ዳኞቹንም አልለማመጠም። መጠየቅህን ተው እንልቀቅህ ብትሉኝም አልተውም አለ። ሞት ተፈረደበት።

በወህኒ ቤትም ሌላ ፈተና ጠበቀው። ወደ ዴሎስ ለበዓል የሄደችው መርከብ እስክትመለስ ድረስ በከተማው ሰው መግደል ክልክል ስለ ነበረ አንድ ወር ያህል ቈየ። በዚህ ጊዜ ክሪጦን የሚባል ባለጸጋ ወዳጁ ማልዶ መጥቶ፥ ገንዘብ ተዘጋጅቷል፥ ጠባቂዎቹም ይለቁሃል፥ ስለ ልጆችህ ብለህ አምልጥ አለው። ይህ ከዛቻ ሁሉ የከበደ ፈተና ነው፤ በጠላት አፍ ሳይሆን በወዳጅ አፍ መጥቷልና። ሶቅራጥስ ወዳጁን አልተቈጣም፤ ተቀምጦ ነገሩን ከእርሱ ጋር መረመረ። ያሳደገኝን ሕግ 70 ዓመት ስጠቀምበት ኖሬ ዛሬ በእኔ ላይ ስለ ከበደ ላፍርሰውን? በደል ስለ ተደረገብኝስ መልሼ ልበድልን? የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ክሪጦን የሚመልሰው ቃል አጣ። በተወሰነውም ቀን ሶቅራጥስ የመርዙን ጽዋ ተቀብሎ ጠጣ።

ከዚህ ታሪክ ሳይመረመር መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ጽናት ሁሉ መልካም አይደለም። የጦር አለቆቹን ያስገደለው ሕዝብም በዚያ ቀን ጽኑ ነበረ፤ ሶቅራጥስን የከሰሱትም ሰዎች ስለ ከተማቸው የቀኑ ይመስላቸው ነበር። ታዲያ የኅሊና ጽናት ከግትርነት በምን ይለያል? በሁለት ነገር ይለያል። መጀመሪያ፥ የኅሊና ሰው ተቃዋሚውን ሰምቷል፤ ሐሳቡን ወደ ነፋስ በትኖ የቀረውን ይዟል። ግትር ሰው ግን መንሽ የሚባል ነገር አይወድም። ሁለተኛውም ከዚህ ይበልጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ግትር ሰው ስለ አሳቡ ሌላውን ያስከፍላል፤ የኅሊና ሰው ራሱ ይከፍላል። በቍጡ ሕዝብ ጽናት ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ በሶቅራጥስ ጽናት ግን የሞተው ሶቅራጥስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በእምነቱ ጽኑ ነኝ ሲል፥ ሂሳቡ በማን ስም እንደ ተጻፈ መመልከት ይገባል።

የሕይወት ዓላማ የሚባለውም ነገር እዚሁ ይገኛል። ብዙ ሰው ዓላማን በሩቅ ይፈልጋል፤ ታላቅ ሹመት፥ ትልቅ ቤት፥ ረጅም ዕድሜ ይመስለዋል። ሶቅራጥስ ለክሪጦን ያስረዳው ግን ሊከበር የሚገባው መኖር ብቻ ሳይሆን በመልካም መኖር መሆኑን ነው። የሚኖርለትን የሚያውቅ ሰው፥ ለመኖር ሲል እርሱን አይሸጥም፤ ዓላማውን ሽጦ ዕድሜ የገዛ ሰው ዘሩን በልቶ መሬት እንደ ቀረው ገበሬ ነውና። መሬቱ አለ፥ የሚዘራበት ግን የለም።

እንዲህ ያለው ፈተና የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ1500 ዓመት በላይ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ከኖረች በኋላ፥ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብፅ አገር የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከአራቱ አንዱ፥ ቀድሞ መምህር ኃይለ ማርያም ይባሉ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። የሰላሌ ተወላጅ ሲሆኑ ዕድሜያቸውን በመማርና በማስተማር ያሳለፉ ሊቅ ነበሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ክረምት፥ በሐምሌ ወር፥ አርበኞች ከተማዪቱን ለማስለቀቅ ገጥመው ሳይሳካላቸው ቀረ። ከአርበኞች ጋር ያበሩት አቡነ ጴጥሮስም ተያዙ። ለገዢው እንዲያድሩና ሕዝቡም እንዲያድር እንዲሰብኩ ተጠየቁ። ቃሉ ቀላል ነበረ፤ አንድ እሺ ይበቃል። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ከአራቱ ጳጳሳት ሌላው አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ እንደዚሁ ተገደሉ። አብረዋቸው ከተሾሙት አንዱ ግን ለገዢው አደሩ፤ በ1930 ዓ.ም. በገዢው ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ተባሉ።

ይህ የሚነገረው በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ዕድሜ፥ በሽታ፥ ፍርሃት፥ ለመንጋው መራራት፥ ይህ ሁሉ በሰው ልብ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ልብን የሚመረምር ነው። የሚነገረው ስለ ዕውቀት ትምህርት ለማግኘት ነው። የተማሩት ትምህርት አንድ ነበረ፤ የተቀበሉት ማዕርግም አንድ ነበረ። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ቢፈተኑ ማንኛቸው እንደሚጸኑ በመጽሐፍ ዕውቀታቸው ብቻ ለይቶ የሚያውቅ መምህር ባልተገኘ ነበር። እንግዲህ ሰውን የለየው የዕውቀቱ ብዛት አይደለም። ያወቀው ነገር ከአንደበቱ አልፎ ወደ ኅሊናው መውረዱና አለመውረዱ ነው።

ነገር ግን ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ቀን እየጠበቀ ተራውን ቀን አይናቅ። የመርዝ ጽዋም የጥይት አፈሙዝም ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳል። ለሁሉ የሚደርሰው ፈተና ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነም ፈተና አይመስልም። ጎረቤቱ በሐሰት ሲከሰስ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ለምስክርነት ይጠራል፤ ከሳሹ ግን ዘመዱ ነው። ነጋዴው ሚዛኑ እንደሚያጎድል ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። አጎት የሙት ልጆችን ርስት ድንበር ያውቃል፤ ልጆቹ ግን ገና ሕፃናት ናቸው። ጸሓፊው የፊርማው ወረቀት ሐሰት እንደ ሆነ ያውቃል፤ አለቃው ግን ፈርም ይለዋል። የሰበካው ገንዘብ ያዥ ከሙዳየ ምጽዋቱ ስንት እንደ ወጣ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ግን የለም። በእነዚህ ሁሉ ዕውቀት አልጎደለም። ሁሉም ያውቃሉ። የጎደለው ቢኖር፥ ያወቁትን ነገር በራሳቸው ዋጋ የሚይዙበት ጽናት ነው።

አቡነ ጴጥሮስ እንቢ ማለትን የተማሩት በሐምሌ 22 ቀን ጠዋት አልነበረም፤ ሶቅራጥስም በ70 ዓመቱ በድንገት ጽኑ አልሆነም። ዛፍ በዐውሎ ነፋስ ቀን ሥር አይሰድም፤ ሥሩን በጸጥታው ዘመን ሰዶ ይቈያል። በትንሿ ሚዛን የታመነ ሰው በትልቁ ሸንጎ ለመታመን ይለምዳል፤ በትንሹ ወረቀት ላይ ሐሰት የፈረመ እጅ ግን ትልቁ ወረቀት ሲመጣ አይንቀጠቀጥም።

ስለዚህ የልጆች ትምህርት ንባብን ከማቅናትና ቃልን ከማስያዝ ማለፍ አለበት። ልጅ የተማረውን ሲደግም ደስ የሚለው አባት፥ ልጁ ለምን ብሎ ሲጠይቀውም ደስ ይበለው። እናት ልጇ እውነት ተናግሮ ዕቃ መስበሩን ቢያምን፥ ስለ ተሰበረው ዕቃ ከመቈጣቷ በፊት ስለ ተነገረው እውነት ታመስግነው፤ ያን ቀን ልጁ የእውነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ይማራልና። መምህርም አላውቅም ማለትን በደቀ መዛሙርቱ ፊት ቢለማመድ ክብሩ አይቀንስም፤ ደቀ መዛሙርቱ በዚያን ዕለት ከመጽሐፉ የማያገኙትን ትምህርት አግኝተው ይሄዳሉ። ወጣቶችም አንድን ነገር ከማሰራጨታቸው በፊት፥ ይህን ከየት ዐወቅሁት፥ ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ።

ክቡራን አባቶች፥ የተከበራችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ ኢዮቤልዩ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። የዕውቀት ባለ ርስት ኅሊና ነው። ብዙ ዕውቀት ግን በፍርሃትና በጥቅም እጅ በወለድ አገድ ተይዞ ይኖራል፤ ባለቤቱ እያለ ሌላው ያርሰዋል፥ ምርቱንም ሌላው ያፍሰዋል። በዚህ በዓል እያንዳንዱ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የቆየውን ውል ይመርምር። የሚያውቀው እውነት በማን እጅ እንደ ተያዘ ይይ፤ ስንት ዘመን እንደ ቈየበት ይቍጠር፤ ዕዳውንም ራሱ ከፍሎ ርስቱን ያስለቅቅ። ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ፥ ከዚህ በኋላ ሌላ ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆች ከአባቶቻቸው የሚወርሱት የታደሰ ግድግዳ ብቻ አይሆንም፤ ታውቆ ያልተሸጠ እውነትም ይወርሳሉ።